«ቀሪውን እኔ ልንገራችሁ»

አጎቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ከሁሉ የሚወዱት ካሴት እናትና ልጅ የሚጠፋፉበት አሮጌ የህንድ ፊልም ነበር። እናትየው ታማ አልጋ ላይ ስትወድቅ ግን ሁልጊዜ ማጫወቻውን ያጠፉና፣ «ይበቃል! ቀሪውን እኔ ልንገራችሁ» ይላሉ። እኔ እናደድ ነበር። በሳቸው አፍ እናትየው ሞታ አታውቅም፤ መረባቸውን ይዘው የመጡት ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ እፎይ ብለው ይወጣሉ።

አጎቴ ሞተው ሰደቃቸው በወጣ ማግስት አሮጌ ፊልም የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ።

«የዚህ ፊልም መጨረሻው ያልተቆረጠ ካሴት ፈልጌ አጣሁ» አለን፣ ያንን የህንድ ፊልም አንስቶ። «እባካችሁ፣ እስከ መጨረሻው ልየው።»

እርስ በርስ ተያየን። ማናችንም መጨረሻውን አይተን አናውቅም።

ካሴቱ ተከፈተ። እናትየው አልጋ ላይ ወደቀች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ልጇ ከውጭ በሩን ይደበድባል። ይሄኔ የአጎቴ ባለቤት ብድግ ብለው አጠፉት።

«ምነው እማማ? ትንሽ እኮ ነው የቀረው!» አለ ሰውየው።

«ቀሪውን የሚነግሩን እሳቸው ናቸው» አሉት።

ሁላችንም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ወዳለው የአጎቴ ባዶ ወንበር ዞረን ጠበቅን።