ስልኩ ያረዳት መርዶ

ባለቤቴን ዋሽቻታለሁ። ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ለእኔ ብቻ ሲነግረኝ፣ እኔ ለእሷ «ጨጓራ ነው፣ በጸበል ይለቅሻል» አልኳት። እኛ ዘንድ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

የእኔ ስልክ ለመደወል ብቻ የምትሆን ስለነበረች፣ እሷ ቅዳሴ ስትሄድ በእሷ ስልክ ስለ በሽታው አነብ ነበር። ገጹን ዘግቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የደበቅኩ መስሎኝ።

ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ስልኩን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ልጄ ከመርሳ ወልድያ ልትጠይቀኝ መጥታ ስልኩን ብትከፍተው፣ ካንሰር ያጠፋል የተባለ መድኃኒት ማስታወቂያ ወጣ።

«ይሄ ነገር ዛሬም አልተወንም?» አለች። «እማዬ ላይ እኮ በየቀኑ ይመጣባት ነበር። ‹አባትሽ ሲያነብ ነው ያመጣው፤ ማወቄን እንዳትነግሪው፣ ይሰበራል› ብላኛለች።»

ለካ ስልኩ ያነበብኩትን ሁሉ እየተከታተለ ለነጋዴ ያቀብል ኖሯል። እኛ መርዶ የምናረዳው ዘመድ ሰብስበን ነው። እሱ ለብቻዋ አረዳት፣ ያውም ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር።

ግን ስልኩን ብቻ ልውቀስ? ውሸቱ የእኔ ነው።

እናንተም ቤት ስልክ ቀድሟችሁ የተናገረው ነገር ካለ ጻፉልኝ። እኔ ከሰዓት መቃብሯ ዘንድ ሄጄ «ጨጓራ አልነበረም» አልኳት።