ወድቄ ነው በል

የተያዝኩት መካነ ሰላም ውስጥ፣ የሕክምና ማስረጃዬን በኪሴ ይዤ ካሳ ለመጠየቅ አንድ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ተራ ስጠብቅ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ የሰፈራችን ታጣቂ የደንብ ልብሱን በቀጠሮው ቀን ሰፍቼ ስላላደረስኩለት ቀኝ እጄን በጠመንጃ ሰደፍ ሰብሮት ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀስ ደግሞ በግራ እጅ አይሆንልኝም። ፖሊሱ ስሜን ጠርቶ "ለአመፀኞቹ ወሬ ታቀብላለህ ተብለሃል" ሲለኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የሕክምና ማስረጃዬን አውጥቼ ዘረጋሁለት።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ነቀዝ የበላው የስንዴ ብናኝ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከእኔ ጋር አሥራ አራት ነበርን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ወረቀት ይዞ መጣ።

"እጄ የተሰበረው ከመሰላል ወድቄ ነው በልና ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ከሰዓት እመለሳለሁ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ልፈርም ቆርጬ ነበር። ካሳው ለምኔ? ልጆቼን ማየት ነበር የፈለግኩት።

አጠገቤ የተቀመጡት የወግዲ ሰው፣ በአገራቸው ደም የሚያደርቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው።

"አብሽር ልጄ፣ መፈረሙንስ ፈርም" አሉኝ ቀስ ብለው። "በኛ ወግ ግን የተጎዳ ሰው አስቀድሞ ጉዳቱን ቆሞ ይናገራል። እስኪጨርስም ማንም አያቋርጠውም። አንተ ተናግረሃል?"

"ለማን ብዬ፣ አባቴ?"

"ይኸው እኛ አለን።"

ቆምኩ። የት እንደመታኝ፣ ስንት ጊዜ እንደመታኝ፣ አጥንቴ ሲሰበር የሰማሁትን ድምፅ ሳይቀር ተናገርኩ። የሳለ እንኳ አልነበረም። ስጨርስ ሁሉም "ሰምተናል" አሉኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መርማሪው ተመልሶ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ።

"አልወደቅሁም" አልኩት።

"ምን አልክ?"

"አልወደቅሁም፣ ጌታዬ።"

ጌታዬ ማለቴ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ሃያ ሁለት ቀን ተጨመረብኝ። ካሳውን አሁንም አላገኘሁም፤ በየሳምንቱ እመላለሳለሁ፣ በየሳምንቱ ነገ ና እባላለሁ። የሰፈሬ ሰዎች ጀግና ነህ ሲሉኝ አፍራለሁ። ያን ቀን ከመርማሪው ይበልጥ ያስፈሩኝ፣ የሰሙኝ አሥራ ሦስት ሰዎች ዓይኖች ናቸው። እነሱ ፊት ወድቄ ነው ማለት አቃተኝ።