ሄስተር ታኬትና የምዕራቡ ክንፍ ምድጃ

ሄስተር ታኬት ኦርልኮም ቤት የገባችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ለሞርቶክ ባላባቶች ምድጃ ልትጠርግ። እኔ ሳውቃት ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ያኔ ባላባቶቹ የሉም። የበኩር ልጃቸው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቀረ፤ ሁለተኛው ልጅ የውርስ ግብሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ቤቱን ሸጦ ኬንያ ገባ። የገዛው ሚስተር ላንግሪሽ የሚባል መምህር ነው። በሁለተኛው ጦርነት ማግሥት አርባ ወንዶች ልጆች ሰብስቦ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተበት። የጭፈራ አዳራሹ የምግብ አዳራሽ፣ የፈረሶቹ ጋጣ መማሪያ ክፍል ሆነ። እኔ ወጥ ቤት ተቀጠርኩ። ከድሮዎቹ ሠራተኞች የቀረችው ሄስተር ብቻ ነበረች፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ጠባቂ አደረጓት።

"አንቺንም ከወንበሮቹ ጋር ነው የሸጡሽ?" እያልኩ አበሽቃት ነበር።

"ዝም በይ ዶርካስ፣ እንዳይሰሙሽ" ትለኛለች በሩን እያየች። ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ወላጆቿ ሞተዋል፣ አላገባችም፤ እዚያው ቤት ጣሪያ ሥር ካለችው ጠባብ ክፍሏ በቀር መግቢያ የላትም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት፣ በጥር መጨረሻ በረዶ መጣል ጀመረ፤ እስከ መጋቢት አላባራም። ከሰል ጠፋ። ቧንቧው ፈነዳ። የልጆቹ ቀለም እብልቃጡ ውስጥ ረጋ። ሚስተር ላንግሪሽ በምዕራቡ ክንፍ፣ የድሮዋ እመቤት ትተኛበት በነበረው ክፍል፣ በሳንቃ የተደፈነው ምድጃ ተከፍቶ እንጨት እንዲነድበት አዘዘ። እዚያ ስምንት ልጆች ይተኛሉ።

ሄስተር ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ምድጃውን ያስደፈነችው እመቤቲቱ ራሷ ነበረች፤ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ከበላይዋ ያለው ክፍል ወለል ጨሶባት። "ግንቡ ውስጥ፣ ከላይኛው ወለል ሥር፣ ወርካ የሚያክል ግንድ ተቀብሯል" ብሎ የድሮው የቤት አዛዥ ለሄስተር ነግሯት ነበር፤ "ከጋለ ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ይነዳል።" ያን የሚያውቁት ሁሉ አልቀዋል።

ወደ ቢሮው ስትገባ ሻይ ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ።

"ጌታዬ፣ ያ ምድጃ ባይነድ ይሻላል። ግንቡ ውስጥ እንጨት አለ።"

"ማን ነገረሽ?"

"የድሮው የቤት አዛዥ።"

"የት ነው ያለው?"

"ሞቷል፣ ጌታዬ።"

ሚስተር ላንግሪሽ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። "ታኬት፣ ግንበኛ አስመጥቼ አሳይቻለሁ፤ ምንም የለም ብሏል። ልጆቹ በሳል እያለቁ የሙት ወሬ ልስማ? ሂጂ፣ አንሶላሽን ጠብቂ።"

ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድ አላት። የአንሶላው ክፍል ከዚያ መኝታ ክፍል በላይ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ወጥታ ወለሉን በመዳፏ ትዳብሳለች። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ እሳቱን ከበው ለወላጆቻቸው ደብዳቤ በሚጽፉበት ሰዓት፣ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

"ዶርካስ፣ ነይ እስቲ።"

ከታች ያሉትን አንሶላዎች አስነካችኝ። አሁን ከመጋገሪያ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃሉ።

"የታችኛው ክፍል ሙቀት ወጥቶ ይሆናል" አልኳት።

"እሱንም አስቤዋለሁ። ካልሆነስ?"

ሄስተር ሮጣ ወረደች። ሚስተር ላንግሪሽ ልጃቸውን ሊያስገቡ አስበው መኪናቸው በበረዶው በትራክተር ተጎትቶ ለመጡ ባልና ሚስት ትምህርት ቤቱን እያስጎበኘ ነበር። ዞር ብሎም ሳያያት "በኋላ፣ ታኬት" አለ። በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ሄዳ የምሳውን ደወል በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር።

"ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!"

አርባ ልጆች በረዶው ላይ ተሰለፉ፤ ገሚሶቹ በካልሲ። እሳት የለም፤ የተለመደው ጭስ ብቻ ከጭስ ማውጫው ይወጣል። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር። ልጆቹ መሳሳቅ ጀመሩ። እንግዳዋ ሴትዮ ባሏን "ትራክተሩ አልሄደም አይደል?" ስትለው ሰማኋት።

ሚስተር ላንግሪሽ ፊቱ ቀልቶ መጣ። "አብደሻል እንዴ? በሰው ፊት!"

"የአንሶላውን ክፍል ወለል ያስነሱት፣ ጌታዬ። ምንም ከሌለ ዛሬውኑ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ።"

"ትወጫለሽ!" አላትና መጥረቢያ ይዞ ወደ ላይ ሮጠ። ተከተልነው። የመጀመሪያው ሳንቃ ሲነሳ አቧራ ብቻ። ሁለተኛው ሲነሳም አቧራ። ሄስተር ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እሳት እንዲኖር ጸለይኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሦስተኛው ሳንቃ ሲነሳ ግንዱ እንደ አንጥረኛ ብረት ቀልቶ ተጋድሟል። አየር ሲያገኝ ነበልባሉ እስከ ጣሪያው ተወረወረ።

የእሳት አደጋ መኪናው በረዶውን ጥሶ የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው። ውሃ ስለሌለ በረዶ በባልዲ እየተቀባበልን ስንደፋ ዋልን፤ እንግዶቹም ጭምር። የምዕራቡ ክንፍ ጣሪያ ልጆቹ በሚተኙባቸው አልጋዎች ላይ ተደረመሰ። ሌላው ቤት ተረፈ። አንድም ልጅ አልተነካም።

በማግሥቱ ሄስተር ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አገኘኋት። "ያለ ፈቃድ ደወል መትቻለሁ" አለችኝ። ይህን ስትል በሩ ተንኳኳ። ሚስተር ላንግሪሽ ነው፤ ቅንድቡ ተቃጥሏል፣ ደብተር ይዟል።

"ወይዘሪት ታኬት" አላት። እዚያ ቤት ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። "ስለዚህ ቤት የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ። ከየት እንጀምር?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ከምድር ቤቱ ጀመሩ። ሦስት ቀን ሙሉ እሷ እየመራች እሱ እየጻፈ ዞሩ፤ የተደፈነውን የውሃ ጉድጓድ፣ የበሰበሰውን ደረጃ፣ እመቤቲቱ የልጇን ሞት የሰማችበትን መስኮት ሳይቀር።

ሃያ አንድ ዓመት እዚያው ሠራች፤ ኋላም የቤቱ ኃላፊ ሆነች። ጡረታ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን "ኮርተሽ አታውቂም?" አልኳት።

"የምን ኩራት? ያቺ አሥር ደቂቃ እስካሁን አለቀቀችኝም። እሳት ባይኖር ወዴት እሄድ ነበር፣ ዶርካስ?"

"እኔ ዘንድ ነዋ። አንድ አልጋ ለሁለት።"

"አንቺማ ታንኮራፊያለሽ" አለችኝ።