ለራሴ ብዬ የገዛሁት ኮሶ

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው በታች ካለች ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገባሁ። ከፊቴ አንዲት ልጅ እግር ሴት ቆማለች። ባለሱቁ በላስቲክ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት አቀበላትና “ለሆድም፣ ለወገብም፣ ለስኳርም ይሆናል። ጠዋት ማታ በማር ነው” አላት። ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም ምን ቅጠል እንደሆነ አልጠየቀችውም። ቦርሳዋ ውስጥ ከታው ሄደች። ዕድሜ ልኬን በመምህርነት ስለፈልፍ የኖርኩት ሴትዮ ሳሙናዬንም ሳልገዛ ወጣሁ።

የአገር መድኃኒት እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ጉንፋን ሲይዘኝ ዳማከሴዬን ጨምቄ የምጠጣ ሰው ነኝ። ግን ሳይጠየቅ የሚሸጥና ሳይጠየቅ የሚገዛ መድኃኒት ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ። ምክንያት አለኝ።

ያኔ ቡታጅራ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አስፋልቱ ገና ስላልደረሰልን ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶብስ ከነተሳፋሪው አቧራ ለብሶ ነበር የሚገባው። የዚያን ዓመት ዓረፋ ግንቦት ላይ ዋለ። ታላቅ ወንድሜ ሸምሱ መርካቶ እየነገደ በየወሩ ብቅ ይል ነበር፤ ለበዓሉም መጣ። ካገባ ገና አራት ወሩ ነው፤ ሚስቱ ነፊሳ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ከአረቅጥ፣ ከዚያ ከብርዱ አገር ነው ያመጣት። የእሷ ጉራግኛ ከእናቴ ጉራግኛ ስለማይገጥም ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነበር፤ ያውም በየራሳቸው አማርኛ። እኔ መሀል ገብቼ እያስተረጎምኩ እስቅባቸዋለሁ። እህት አልነበረኝም፤ ነፊሳ ስትመጣ እህት ያገኘሁ መሰለኝ።

በሴቶች ዓረፋ፣ በዋዜማው ቀን፣ ጎመኑና አይቡ በቅቤ ራሰ፤ በማግስቱ በሬው ታረደ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ክትፎ ነው፣ ቆጮ ነው፣ እንደገና ክትፎ ነው። እናቴ ሙሽራዋን በእጇ ታጎርሳታለች። ሸምሱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ ነፊሳ መብላት አቆመች። ጠዋት ጠዋት ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ጎንበስ ብላ አገኛት ጀመር። ቅቤ ሲሸታት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትጭናለች። የጉራጌ ልጅ ቅቤ ሸተተኝ ስትል አስቡት!

“የኮሶ ትል ነው” አልኳት። ያለ ምንም ጥርጥር። በዚያው ወሰነ ትምህርት የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ኮሶ ትል አስተምረውን ነበር፤ ሥዕሉን በደብተሬ ላይ አሳምሬ ስዬዋለሁ። ጥሬ ሥጋ በልታለች፣ ያቅለሸልሻታል፣ ደክሟታል። እኛ አገር ከበዓል በኋላ ሆዱን ያለ ሰው ሁሉ ኮሶ ነው የሚባለው፤ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ የተማርኩ ነኝ።

“ለእማ እንንገራት” ስላት እጄን ያዘችኝ።

“በአላህ ይዤሻለሁ ራህመት። በእጇ ስታጎርሰኝ ከርማ ሥጋሽ አሳመመኝ ልበላት? ሙሽራዋ ትል አለባት ይባልልኝ? አንቺው ግዢልኝ፣ ለራሴ ነው በይ።”

እውነቷን ነበር። የአማቷን ድግስ ያማች ሙሽራ ወሬዋ አረቅጥ ድረስ ይሄዳል። ቃል ገባሁላት።

በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እማማ ፈለቀች ሄድኩ። ከበርበሬ ተራው ጥግ ጆንያ ዘርግተው ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ እንቆቆ፣ ኮሶ የሚሸጡ የሶዶ ሴት ናቸው። ጠያቂነታቸው በቡታጅራ የታወቀ ነበር። እሳቸው ዘንድ የሄደ ሰው ፖሊስ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

“ለማን ነው ልጄ?”

“ለራሴ ነው።”

“ትሉን በዓይንሽ አይተሻል?”

“አዎ” አልኩ።

“ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ትኩሳትስ? ባል አለሽ? የወር አበባሽን መቼ ነው ያየሽው?”

በኀፍረት መሬት መሬት እያየሁ መለስኩላቸው። ትሉን አየሁ ካልኩት በቀር የነገርኳቸው ሁሉ የራሴ እውነት ነበር። መድኃኒቱን የምትጠጣዋ ግን ሌላ ሰው ናት። እማማ ፈለቀች ለአፍታ ዓይኔን አዩት። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ይንጫጫል። በመጨረሻ ቀዩን የኮሶ አበባ በልኬ ቆንጥረው በኮባ ጠቀለሉልኝ።

“አንዴ ብቻ ነው፣ አትድገሚው። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። እርጉዝ ካለች አጠገቧ አይድረስ፣ ጽንስ ያወርዳል።”

እሺ፣ እሺ እያልኩ በረርኩ። የመጨረሻውን ነገር ሰምቼዋለሁ። ግን ለእርጉዝ ሴት የተነገረ ነው፤ እኛን ምን አገባን?

በማግስቱ እናቴ ጎረቤት ለቅሶ ልትደርስ በጠዋት ወጣች። ነፊሳ የተዘፈዘፈውን ኮሶ ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው። ረፋዱ ላይ ሆዷን ሲቆርጣት “እየሠራ ነው፣ በርቺ” አልኳት። ጀርባዋን እያሸሁ አሳስቃት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ፤ ድምጿ ተለውጧል። ቀሚሷ በደም ርሷል።

እየጮህኩ ወጣሁ። እናቴ ከለቅሶ ቤት ደረሰች፤ ጎረቤቶች ጋሪ አስቁመው ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሱ ገና ሳያስተኛት “ምን ወስዳለች?” አለ።

“ምንም! በአላህ ምንም አልወሰደችም፣ ደህና ነበረች” አለች እናቴ።

ነፊሳ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲባል ስንቴ ሰምቼ ነበር! ነርሱ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀ። ቃል ገብቼላታለሁ፣ እናቴ ፊት ነው፣ ግን ደሙ ይወርዳል።

“ኮሶ ጠጥታለች። እኔ ነኝ የገዛሁላት” አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አልመታችኝም። በመታችኝ ብዬ ስንት ዓመት ተመኘሁ።

የነፊሳ ነፍስ ተረፈች። ነርሱ ወጥቶ ከሁለት ወር ያለፈ ጽንስ እንደነበረ ነገረን። እናቴ “ኢና ሊላህ” ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስገባ ነፊሳ ነቅታለች።

“ልጅ ነው እንዴ የነበረው?” አለችኝ።

አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። እሷ ራሴን ትዳብሰኛለች፣ እሷ!

በቀጣዩ ገበያ እናቴ እጄን ይዛ ከእማማ ፈለቀች ጆንያ ፊት አቆመችኝ። “መርዝ ትሸጫለሽ! የልጄን ልጅ ገደልሽ!” ስትል ገበያተኛው ከበበን። አሮጊቷ እናቴን ተዋትና ወደ እኔ ዞሩ።

“ጠይቄሽ አልነበር ልጄ?”

ዝም ብል ኖሮ ሰው የሚያምነው እናቴን ነበር፤ የእሳቸውም እንጀራ እዚያው ያበቃ ነበር። “ጠይቀውኛል። ለራሴ ነው ብዬ ዋሽቻቸው ነው፤ እርጉዝ አይጠጣውም ብለውኛል” አልኩ። የእናቴ እጅ ከእጄ ላይ ላላ።

እማማ ፈለቀች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “ተጠራጥሬሽ ነበር እኮ። ጉንጭሽ የታመመ ሰው ጉንጭ አይደለም። ገበያተኛ በዛብኝና ተውኩት” አሉ። ለእናቴም ቦታ ለቀቁላትና ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለዚያ ላልታየ ልጅ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛው ራሱ ካልመጣ ኮሶ አይሸጡም ነበር። ብዙ ደንበኛ ሸሻቸው፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

እኔ ዛሬ ሃምሳ እየተጠጋሁ ነው። ለማን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሌላስ ምን ትወስዳለች እያልኩ ሰው ሳሰለች ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ኮሶው አላታለለንም፤ ሻጯም አላታለሉንም። ልጁን ያጠፋው ኀፍረታችንና የእኔ አውቃለሁ ባይነት ነው።

ዘንድሮ ለዓረፋ ቡታጅራ ሄጄ ነበር። ነፊሳ አያት ሆናለች፤ ስለዚያ ቀን በክፉ አንስታብኝ አታውቅም። በር ላይ ተቀምጠን ሳለን አዲስ የመጣች ጎረቤት “ስንት ወለድሽ?” አለቻት።

“አምስት” አለች ነፊሳ።

አራቱ ልጆቿ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ጎረቤቷ በዓይኗ ቆጠረቻቸውና “አምስተኛውስ የት አለ?” ብላ ጠየቀች። ነፊሳ እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችኝ፣ ሴትየዋ እስክትሄድም አልለቀቀችኝም።