ሽቅብ ብቻ የምትሄደው መኪና

ሽበት ያወጡ ሦስት ወንዶች በአንድ አሻንጉሊት ላይ ተደፍተው ሲውሉ ያላየ ሰው የእኔን ግቢ አልረገጠም ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው! አንደኛው የገዛ ባሌ ነው። ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ሦስተኛው እዚሁ ነገሌ ካለው የጦር ካምፕ በጡረታ የወጣ የሬዲዮ ወታደር። ሦስቱም ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ እነዚህ ናቸው የሚያስታርቁን።

ነገሩ የመጣው በካርቶን ነው። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ለባሌ ይዞለት መጣ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ የምትቧጥጥ ትንሽ የጭነት መኪና ሥዕል አለ። ስንከፍተው ግን መኪና የሚባል ነገር የለም፤ በየላስቲኩ የታሸገ ብሎን፣ የማርሽ ጥርስ፣ ሽቦ፣ አራት ጎማና አንድ በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ነው። ራስህ ገጣጥመህ ትጨርሳታለህ፣ ከዚያ በሬዲዮ ትነዳታለህ አለው። እኔ ወንድሜን ወደ ጓዳ ጠርቼ፣ "አንተ፣ ለእህትህ ሽቶ እንኳን ሳትይዝ ይህን ለሚያህል ሰውዬ አሻንጉሊት?" አልኩት። "ትንሽ ይፍታታ ብዬ ነው" አለኝ።

እንዲፍታታ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ባሌ ሹፌር ነው። ስኳርና ዱቄት ወደ ዱብሉቅ፣ አንዳንዴም ወደ ሻኪሶ የሚጭንበት የራሳችን መኪና አለን፤ ቤታችን የሚተዳደረው በእሱ ነው። በዚያ ዓመት በልግ ወደ ዳዋ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። መሪውን ጠምዝዞ መንገድ ዳር ከቆመ ትልቅ የምስጥ ኩይሳ ጋር አላተመውና ቆመ። ማንም አልሞተም፣ የተቧጨረ ሰው እንኳን የለም። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን እግዜር አተረፈህ ሊለው መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። መኪናው ጋራዥ ገብቶ ፍሬኑ በአዲስ ተቀየረ፣ የተጨረመተው ፊቱ ተቃና። መካኒኩ ራሱ እየነዳ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመው። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

ሰበብ ደግሞ ሞልቷል። አንድ ቀን ባትሪው ደክሟል። ሌላ ቀን የኋላ ጎማው አላማረኝም። ቀጥሎ የሆነ ድምፅ አለው ተባለ። መካኒኩ ተጠርቶ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠና፣ ምንም የለውም አለ። "አንተ አልሰማኸውማ!" አለው ባሌ። ጭነት ያላቸው ነጋዴዎች በመጀመሪያ በር አንኳኩ፣ ቀጥለው በስልክ ጠየቁ፣ በመጨረሻ ሌላ መኪና አገኙ። እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ የሰው ቀሚስ እሰፋለሁ፤ እሱ ያቆመው መኪና ሥር ዶሮዎቼ ጥላ ይዘው ይተኛሉ። ደሜ ይፈላ ነበር። ሰነፍ አገባሁ እንዴ እስክል ድረስ።

ካርቶኑ ሲመጣማ ስንፍናው በአንድ ጊዜ ለቀቀው! ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። በረንዳው ላይ የእንግዳ አንሶላዬን ያነጥፍና ብሎኖቹን እንደ ጥሬ ለቅሞ ይደረድራል። ከዕቃው ጋር ባለ ሥዕል መመሪያ መጥቶ ነበርና እሱን ገጽ በገጽ ሊከተል ፈለገ። ያን ጊዜ ነው ጎሚስታው "አካም፣ ናጋ?" እያለ የገባው። መመሪያውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ገለጥለጥ አደረገና፣ "ሃያ ዓመት ጎማ የፈታ ሰው በሥዕል ይማር?" ብሎ ሥሩ አድርጎ ተቀመጠበት። መመሪያው ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የጎሚስታው መቀመጫ ሆኖ አገልግሏል።

የትንሿ መኪና ጎማዎች ውስጣቸው ስፖንጅ ነው። አየር አይሞላባቸውም፤ ድንጋይ ቆንጥጠው እንዲይዙ ሆን ተብሎ ልል ተደርገው ነው የተሠሩት። ይህን ወንድሜ በግልጽ ተናግሮ ነበር። ለጎሚስታ ግን ልል ጎማ ማለት የተነፈሰ ጎማ ነው፣ በቃ። በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና ፊቱ ጠቆረ። "ወላሂ፣ በዚህ ጎማ ሊበን እንኳን አትደርሱም" አለ። ማን ሊበን እንደላካት እንጃ! ከፋርማሲ መርፌ አስገዛ፣ ጎማዎቹ ላይ የነበሩትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በማስቲሽ ደፈነ፣ በመርፌው አየር ሞላ፣ እንዳይተነፍሱ ምራቁን ቀብቶ አረፋ ፈለገ። ከዚያ አሁን ገና መኪና ሆነች አለ። መኪናዋ በመጀመሪያው ሙከራዋ እንደ ኳስ ነጥራ ከበረንዳው ወደቀችና የዶሮዎቼን ውሃ ደፋችው።

የሬዲዮ ወታደሩ በበኩሉ መቆጣጠሪያውን አገላብጦ አየና ናቀው። "ይቺ ጣት የማታክል አንቴና ናት? በእኔ ጊዜ በዚህ ብናገር የሚሰማኝ እኔው ራሴ ነበርኩ!" አለ። ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀለውን ሽቦ ቀጠለበት፣ ሽቦውን በሸንበቆ ላይ አቆመው። እስከ አጥሩ ድረስ ትታዘዝ የነበረችው መኪና ከዚያ በኋላ ከአንሶላዬ ጫፍ ማለፍ ተሳናት። "የአየሩ ጠባይ ነው" አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር። ሰማዩ ላይ የደመና ዘር አልነበረም።

ከእኔ ቤት ያልተወሰደ ነገር የለም። ንዝረቷን ለሚያበርዱት ትንንሽ ቱቦዎች የስፌት መኪናዬ ዘይት ሄደ። የላስቲክ አካሏ በጨርቅ መቀሴ ተቆረጠ፤ መቀሱ ከዚያ ወዲህ ቅቤም አይቆርጥ። ቀጥሎ ደግሞ ጭነት የሚሸከም ባሌስትራ የሌለው የጭነት መኪና የት አገር አለ ተባለና የዣንጥላዬ ሽቦዎች ተነቅለው ሥሯ ተደራረቡ። "ምን ልትጭኑባት ነው? ስኳር በኩንታል?" አልኳቸው። ማን ይመልስልኝ? ሥራ ላይ ናቸዋ!

አልቃ በአራት እግሯ ስትቆም ደግሞ አዲስ መኪና ደም ሳይረግጥ መንገድ አይወጣም ብለው ፍየል ማሰብ ጀመሩ። ለእሷ ፍየል! ከጓዳ አንድ እንቁላል ይዤ ወጣሁና፣ "እንካችሁ፣ በቁመቷ ልክ ይህን እረዱላት" አልኳቸው። ወታደሩ ቅር አለው። ባሌ ግን የምሩን ተቀብሎኝ እንቁላሉን ጎማዋ ፊት አስቀመጠና ነድቶ ደፈጠጠው። ሦስቱም አጨበጨቡ። እኔ ሦስቱንም በመጥረጊያ ብላቸው ነፍሴ ትረካ ነበር።

ወንድ ነገር ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ አያምርበትም፤ ሁለቱ ቶሎ ሰለቹ። ባሌ ብቻውን ሲቀር የሁለቱን ጥበብ ሁሉ ፈትቶ ጣለው። ሸንበቆው ወደ አጥሩ፣ የዣንጥላው ሽቦ ወደ ቆሻሻው ሄደ፤ ጎማዎቹም አየራቸው ወጣ። የተጨማደደውን መመሪያ አቃንቶ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ሠራት። መቼም እጁን አላማውም፣ ሲሠራ ንጹሕ ነው። ግቢያችን ጥግ ለቤት መሠረት ያስመጣነው የድንጋይ ክምር ነበረ፤ መኪናዋ እሱን ትወጣው ጀመር። ቀስ እያለች፣ አንድ ጎማዋ አየር ላይ እየቀረ፣ ሳትንሸራተት ትወጣለች። ጫፍ ስትደርስ ባሌ መቆጣጠሪያውን ያስቀምጥና ሄዶ በሁለት እጁ አቅፎ ያወርዳታል። ታች ያስቀምጣትና እንደገና ሽቅብ ይነዳታል።

"ምነው፣ መውረድ አልተማረችም?" አልኩት።

"ፍሬን የላትም" አለኝ።

ይህን ዝም ብዬ ላልፍ ነው? ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ። ሰው በመኪና ይወርዳል፣ የእኔ ባል መኪና ተሸክሞ ይወርዳል አልኳቸው። ዱቄት በዱቄት ሆነው ሳቁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ መሰለኝ፣ ያን ቀን ምሳውን ሳያናግረኝ በላ።

ከዚያ ባሌ ዱባይ ለወንድሜ ደወለ። ለራሱ ሸሚዝ ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ ለእሷ ሌላ ዕቃ ላክልኝ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር በመንገደኛ ተላከችለት፤ በድሮዋ ምትክ ለሞተሩ ኃይል የምትሰጠው እሷ ናት፣ መንጃውን ሲለቁት ደግሞ ሞተሩን ጨምድዳ ትይዛለች። ፍሬን ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ገጠማትና ሳንቃ አምጥቶ በአንድ ወገን በድንጋይ ከፍ አደረገው። እኔ ስፌቴ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሮ አስቀመጣት። ቆመች። የሳንቃውን ቁልቁለት ጨመረበት። ቆመች። ጠጠር ጫነባት፣ አሁንም ቆመች። "ያዘ" አለ፣ ለማንም አይደለም። "ያዘ እኮ።"

ልሳቅበት አፌን ከፍቼ ነበር። ሸሚዙን ሳየው ጀርባው በላብ ተጣብቋል፣ በዚያ በማለዳ ብርድ። ከዚያ ጎንበስ አለና መኪናዋን እንደ ወትሮው አቅፎ አወረዳት።

"ያዘ አላልክም?" አልኩት። "ታዲያ ለምን ትሸከማታለህ?"

"ፍሬኑማ ያዘ። እምቢ ያለኝ እጄ ነው" አለ።

ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ያን ቀን ዳዋ ላይ ጭነቱ አናት ላይ የተሳፈሩ ሰዎች ነበሩ፣ ሴቶችም ልጆችም። ፍሬኑ እምቢ ሲል ሁሉም ጮኹ። "ጩኸቱን ችዬው ነበር" አለኝ። "በኋላ ግን ዝም አሉ። ለመሞት ተዘጋጁ፣ በእኔ እጅ።" ከስፌቴ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አንስቼ የአንገቱን ላብ ጠረግሁለት። ደግሞም ተናደድኩ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ለአሻንጉሊት ከማዋየት ለሚስት መንገር አይቀልም ነበር?

መኪናውን ሽጠው አልኩት፣ አልሸጥም አለ። እንግዲያው ንዳው አልኩት፣ አልችልም አለ። በመጨረሻ መንጃ ፈቃድ ያለው ታናሽ ወንድሙ አብሮት እንዲሠራ ተስማማን። ሥራ ጀመሩ። ባሌ ሜዳውንም ዳገቱንም ይነዳል፤ የዳዋ ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርስ መሪውን ለወንድሙ ለቆ ይወርድና በእግሩ ይሄዳል። ወንድሙ ታች ድልድዩ ጋ ይጠብቀዋል። ወሬው ነገሌ ሲደርስ ወፍጮ ቤት አንዷ፣ "ባልሽ ዛሬም በእግሩ ነው?" ብላ ሳቀች። "አፍሽን ሰብስቢ! የእኔን ባል የምሰድበው እኔ ነኝ" አልኳት። እህሏን ሳታስፈጭ ልትሄድ ምንም አልቀራትም።

ባለፈው ዱብሉቅ ሰርግ ተጠርተን እኔም ጋቢና ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ ዳር ይዞ አቆመ፣ ወረደ፣ ወንድሙ ቦታውን ያዘ። ባሌ ዞሮ በእኔ በኩል መጣና የበሩን እጀታ ይዞ ትንሽ ቆመ።

"ምነው፣ የረሳኸው ነገር አለ?" አልኩት።

"የለም" አለና መንገዱን ጀመረ።

ወንድሙ ሞተር አስነሳ። ከፊታችን ያ ሰውዬ የሰርግ ልብሱን ለብሶ በዚያ ፀሐይ ብቻውን ይወርዳል። "ቆይ አንዴ" አልኩና ወረድኩ። የበዓል ጫማ ነው ያደረግሁት፣ ጠጠሩ ተረከዜን ይበላኛል። መንገድ ሠሪውን፣ ሰርገኛውን፣ ጫማ ሰፊውን በየተራ እየረገምኩ ደረስኩበት።

"ትደክሚያለሽ፣ ተመለሺ" አለኝ።

"አንተ መንገድህን እይ!"

መኪናው በአጠገባችን ቀስ ብሎ አለፈ። እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ አየውና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ቅድም በሩን ይዤ የቆምኩት" አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "አብረሽኝ ውረጂ ልልሽ ነበር። አንቺን ውስጡ አድርጎ ሲወርድ ማየት አልችልም። ግን አፍሽን ፈራሁ።"

እስከ ድልድዩ ድረስ አንድም ቃል አልተናገርኩም።