በውርጭ አገር የበቀለች ቁልቋል

ጣሊያን በቆላው አገራችን፣ ሮቢት ሜዳ ላይ ሲሰፍር አክስቴ ይዛ የወጣችው እኔንና አንዲት የቁልቋል ቅጠል ነው። ቅጠሏ እንደ መዳፍ ሰፊ፣ እሾሃም፣ ከልጇ መቃብር አጥር የተቆረጠች ነበረች። ልጅቷን ወባ ከወሰዳት ዓመት አልሞላም። መቃብሩ ከወታደሮቹ ድንኳን ኋላ ስለቀረ ወደዚያ በሚቀርብ ሁሉ ላይ ይተኩሳሉ።

የተጠጋነው ከአንኮበር በላይ፣ ከገብስ በቀር እምብዛም በማይበቅልበት ብርዳም አገር፣ አንዲት ክርስቲያን ባልቴት ቤት ነው። እሷና አክስቴ አሊዩ አምባ ገበያ ገብስና በርበሬ ሲለዋወጡ የተወዳጁ ናቸው። አክስቴ ቅጠሏን ጓሮ ተከለችና፣ «ይህቺ ከሞተች ወርጄ ሌላ እቆርጣለሁ» አለች። የምትለውን የምታደርግ ሴት ስለሆነች ሁለታችንም ፈራን።

«እቴ፣ የዚህ አገር ውርጭ እኮ የሰው ጆሮ ይቆርጣል» አለቻት ባልቴቷ።

«የሰው ጆሮ እሾህ የለውም።»

አክስቴ በየሰላቱ ውዱእ ስታደርግ ውሃውን በገበቴ ታጠራቅምና ቁልቋሏ ሥር ታፈሰዋለች። ለአላህ የታጠቡበት ውሃ ነፍስ ይዘራል እንጂ አይገድልም ባይ ናት። ሳምንታት ሲያልፉ አፈር የገባው የቅጠሏ ጫፍ ጠቆረ፤ ሲነኩት እንደ በሰለ ዱባ ይሰረጉዳል። እኔም አየሁ፣ ባልቴቷም አየች። ግን የሰው የሰላት ውሃ ገዳይ ነው ብሎ እንዴት ይነገራል?

አንድ ጠዋት ባልቴቷ መጣችና፣ «እቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች። «ያን ውሃ ለጌሾዬ ብትሰጪኝ። ተጠምቷል።»

«በውዱእ ውሃ ያደገ ጌሾ ጠላ ሊጠመቅበት? ኃጢአቱ የማን ሊሆን ነው እትዬ?»

«የጠጪው ይሁና።»

አክስቴ ከመጣን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አለችና ገበቴውን አሸከመችኝ።

ጌሾው ጋ ስደርስ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። የምንጩ ውሃ በሥሩ እያለፈ ይወርዳል። ዞር ብዬ አፌን ልከፍት ስል ባልቴቷ ከኋላዬ ቆማለች።

«አንተ፣ ዝም ብለህ አፍስስ።»

አፈሰስኩ። ለአክስቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ፊደል የቆጠርኩት ያለ መምህር፣ በራሴ ነው፤ ሰው ሳያፍር እንዴት እንደሚረዳ ግን ያስተማረችኝ ያቺ ባልቴት ናት።

ከዚያ ባልቴቷ አክስቴን አስፈቅዳ የበሰበሰውን በማጭድ ቆረጠች። «ቁስል እርጥብ እያለ አይሸፈንም» ብላ ቅጠሏን እሳት ዳር አደረቀቻት፤ ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ ካብ ላይም ሰካቻት።

ኅዳር ላይ ውርጩ ወረደ። ቅጠሏ ተጨማደደች፣ ወይን ጠጅ መሰለች፣ ድንጋዩ ላይ ተጋደመች። አክስቴ ቆሎ ቆልታ ስንቋን ቋጠረች። እኔም ብርዱ መሮኝ ስለ ቆላው ፀሐይ ስንኝ ስቋጥር የከረምኩ ሰው፣ ያን ቋጠሮ ሳይ መውረድ አስጠላኝ።

«መሞቷን በምን አወቅሽ?» አለቻት ባልቴቷ። «በልግ ይዝነብ። ያኔም ካልተነሳች አብሬሽ እወርዳለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ምን አግብቶሽ?»

«ብቻሽን አትወርጂማ።»

አክስቴ የራሷን ነፍስ ልትጥል ትችላለች፤ የዚያችን ሴት ግን አልቻለችም። ቀረች። በየጠዋቱ ካቡን አይታ ትመለሳለች፤ እኛም ፊቷን እናያለን።

የበልግ ካፊያ በጣለ በሳምንቱ ገደማ ወጥቼ ሳይ ቅጠሏ ቀና ብላለች። ሽብሽቧ ለቋል። ጠርዟ ላይ የሕፃን ጥፍር የምታህል ቀይ ቡቃያ ወጥታለች። አክስቴን ጠራኋት። ቁጢጥ ብላ አየች፣ አየች። ባልቴቷ እበት በእጇ እንደያዘች ከበረት መጣች።

«ምን ሆነች?»

«ወለደች» አለች አክስቴ።

ወደ ቤት ገብታ ስንቋን ፈታች፤ ቆሎውን ሰፌድ ላይ ገልብጣ መካከላችን አስቀመጠችና፣ «ብሉ እንጂ» አለችን።