ካቆመበት ያልቀጠለው ዛጎል

ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ የተናገረው የመጨረሻ ነገር ስለ ማሽኑ ነበር። «እንዳትነኪው፤ ስመለስ ካቆመበት ይቀጥላል» አለኝ። ትንፋሽ አጥሮት ስለነበር ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የወጣው። መኪና ለምነን ከሐይቅ ከተማ ደሴ ሆስፒታል አደረስነው። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘን ተመለስን።

ማሽኑ ሲኤንሲ የሚሉት፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ነው። እኔ ሐረጉንና አበባውን በኮምፒውተር እሥላለሁ፤ እሱ ያስቆርጣል። የሚቆረጠው ከጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር የሚያመጣልን የባሕር ዛጎል ነው፤ ውጭው ሻካራ፣ ውስጡ ሲያዘነብሉት አንዴ ሐምራዊ አንዴ አረንጓዴ የሚሆን። ዛጎሉ በሰሌዳ ላይ በሙጫ ይለጠፍና ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል። እንደ መርፌ የቀጠነ መቁረጫ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ይቆርጠዋል። በደረቁ ከቆረጡት ይሰነጠቃል፤ ዱቄቱም ለደረት አይሆንም። ከዚያ ያው ማሽን የአበባውን መቀመጫ እንጨቱ ላይ ይቦረቡራል፤ የቀረው ዛጎሉን በጣት መጫን ነው። ልክ ከሆነ ጥፍር የሚይዘው ጠርዝ አይገኝም። በገና፣ የመስታወት ማቀፊያ፣ የቁርአን ማስቀመጫ፣ ያልሠራንለት ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ሳህኑ ውስጥ የነበረው ግን የሰው ትእዛዝ አልነበረም። ስለት ነበር። ክረምት ላይ ደረቱን ታሞ ሲተኛ ለግሸን ማርያም ተስዬ ነበር፤ ካነሣሽልኝ ሥዕልሽን በዋንዛና በዛጎል ማቀፊያ አስገብቼ አመጣልሻለሁ ብዬ። ተነሣ። በእግሩ እስከ ሐይቁ ዳር ሄዶ ዓሣ ገዝቶ መጣ። ስለቱን ስነግረው ሳቀብኝ።

«እኔኑ አስይዘሽ ተሳልሽ? ሠራተኛውም እኔው ልሆን ነዋ!»

ሐይቁ ላይ የምትንሳፈፈውን ነጭ አበባ ሣልኩለት። የማቀፊያው ማዕዘኖች ሁሉ አለቁ። የቀረችው ግንባሩ ላይ የምትገባው ትልቋ አበባ ብቻ ነበረች። እሷን እያስቆረጠ ሳለ ነው አቁሞ የወጣው።

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ቤቱ የጎረቤት ነው። ከደሴ ሳንደርስ የእድር ሰዎች ድንኳን ተክለው፣ ቤቱን ጠርገው፣ ወርክሾፑን ለወንዶች መቀመጫ አዘጋጅተው ጠበቁን። አግዳሚ ወንበር እንዲገባ መቁረጫውን የተሸከመውን ክንድ ወደ ግድግዳው ገፍተውታል። ሶኬቱን ነቅለዋል። የሳህኑን ነጭ ውሃ ደፍተው አጥበውታል፤ ለቅሶ ቤት ቆሻሻ እንዳይታይ ብለው። ሌሊቱን እንኳ መብራት ሳይጠፋ፣ ማሽኑም ያቆመበትን እንደያዘ አድሮ ነበር አሉ። ማንን እወቅሳለሁ? እኔም ያኔ አላየሁም። አርባው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ፣ ወርክሾፑን ስከፍት ነው ያየሁት። ዛጎሉ ሰሌዳው ላይ አለ፤ ግማሽ አበባ ተቆርጦ፣ ግማሹ ገና። ማሽኑ ግን የት እንዳቆመ አያውቅም። ተነቅሎ ክንዱ ከተገፋ መነሻውን ያጣል።

ሌላ ዛጎል አልነበረንም። ሾፌሩም ከመጣ ቆይቷል።

ከግቢያችን ቀጥሎ ያሉት ሙስሊም ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ሲያዩኝ ገቡ።

«አብሽሪ እንጂ እታለም። ተይው ይኸን ብረት።»

«ስለት ነው፣ ጋሼ።»

«እኛስ እንሳል የለ? አላህ ከሐዘንተኛ አይተሳሰብም።»

«እሷ የበኩሏን አድርጋለች። አንሥታው ነበር።»

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «ባልሽ መጋዝዎ እንደ አሮጊት ያስላል ሲለኝ ኖሮ፣ ይኸው ዛሬ መርፌውን እኔ ልጠብቅለት!» አሉ። ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

የመቁረጫውን ከፍታ መያዝ አውቃለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ነበር የምንይዘው። ስስ ወረቀት ዛጎሉ ላይ አድርጌ ወዲያ ወዲህ እስባለሁ፤ እሱ መቁረጫውን ያወርዳል፤ ወረቀቱ አልሳብ ሲለኝ «ያዘ» እለዋለሁ። አሁን አውራጇም ሳቢዋም እኔ ሆንኩ። «ያዘ» አልኩ ከልማድ። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ።

ግራ ቀኙን በዓይን ነው ያገኘሁት። በእሱ ማጉያ መነጽር እያየሁ መቁረጫውን ባቆመበት ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። አንዴ በአየር ላይ አስኬድኩት፤ መስመሩን የተከተለ መሰለኝ። ውሃ ሞላሁ። አስነሣሁት።

ሲጀምር ደህና ሄደ። አበባዋ ልትዘጋ ስትል ድምፁ ተለወጠ። መቁረጫው ከእሱ መስመር የፀጉር ያህል ወጥቶ ኖሯል፤ መገናኛው ጋ ሲደርስ ስሷን ጠርዝ ገፋት። ጠቅ አለ። እጄ ማቆሚያው ላይ ሲያርፍ የእኔ ግማሽ ተሰነጣጥቋል።

ያኔ ጮኽሁ። በቀብሩ ቀን እንደዚያ አልጮኽሁም። ስም እየጠራሁ ነው የጮኽሁት፤ የእሱንም፣ የእመቤቴንም። የምትወስጂውን ሰው ለምን አነሣሽው አልኳት። ጋሼ እጄን ይዘው «ላ ሐውለ…» ብለው ዱዓቸውን ጀመሩና ሳይጨርሱት ቀሩ።

በኋላ ሙጫውን በሙቅ ውሃ አላቅቄ የእሱን ግማሽ አበባ ወደ መቀመጫዋ ጫንኳት። ገባች። በጥፍሬ ዞርኳት፤ ጠርዝ የላትም። አጠገቧ ያለው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ የእንጨቱን ቡናማ ያሳያል።

«በዋንዛ ብናኝና በሙጫ ልድፈነው?» አሉ ጋሼ። «ከሩቅ አይለይም።»

«አይደፈንም።»

«እንዲሁ ልትወስጂው?»

«እንዲሁ። እሷም ግማሽ ነው የሰጠችኝ።»

«አስተግፊሩላህ! እንዲህ አይባልም እታለም።»

«እሷ ትስማው፣ ጋሼ። እርስዎ ምን ቸገረዎት።»

ማቀፊያው አሁን በነጠላ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተቀምጧል። እስከ ተራራው ግርጌ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ይዤው እወጣለሁ። የሚቀበለኝ ካህን አልቀበልም ካሉኝ የምሄድበትን አላውቅም።

ማሽኑ ከሶኬቱ አልተነቀለም፤ ክንዱ ዛጎሉ ጠቅ ባለበት ላይ ነው። ለእድሩ ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ። የእኔ ቀን ሲመጣ ማሽኑን ሳይነኩ ወንበሩን ደጅ ያድርጉት።